ግድግዳው የበላው እንቁላል

ነሐሴ ሦስት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በጎንደር ከተማ ቁስቋም አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በሚገጥምበት በኩል ውሃ ገባ። የሞተ ሰው የለም፤ የቆሰለም የለም። የጋራዡ ባለቤት እኔ ነኝ።

ዜና ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ዜና ስጽፍ ኖሬአለሁ። የወንዝ ሙላት፣ የመንገድ መደርመስ፣ የድልድይ መወሰድ፣ ሁሉንም ሦስት አንቀጽ ውስጥ አስገብቻለሁ። የራሴ ጣሪያ ግን ሦስት አንቀጽ አልበቃው አለ።

መጀመሪያ ስለ ጋራዡ ልናገር። መኪና የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ቤቱን የሸጠልኝ ሰው የጭነት መኪና ሊገዛ አስቦ ማደሪያውን አስቀድሞ ሠራ፤ መኪናው ሳይመጣ ቤቱ ተሸጠ። ከበላዬ ያሉት ጎረቤቴ አያ ሞላ በተገናኘን ቁጥር፣ "እንዴት ነው፣ ማኪናዋ ደህና አደረች?" ይሉኛል።

"ደህና አድራለች፣ አያ።"

"ሸጋ ማኪና ናት። ነዳጅ አትጠጣ፣ ሰው አትገጭ።"

ይህን ቀልድ ከገባሁ ጀምሮ እየሰማሁት ነው። እስካሁን አልሰለቸኝም፤ እሳቸውንም አልሰለቻቸውም።

"ከበላዬ" ያልኩት በማዕረግ አይደለም። ሰፈራችን ተዳፋት ነው። የእኔ ጣሪያ በሚያልቅበት የእሳቸው ግቢ ይጀምራል። ጋራዡ ተዳፋቱን ቆርሶ የገባ ስለሆነ የኋላ ግድግዳው የእሳቸው የድንጋይ ካብ ነው፤ ከታች አፈራቸውን ደግፎ ይይዛል፣ ከላይ አጥር ይሆናቸዋል። የእኔ ቆርቆሮ ከካቡ ጋር የሚገጥመው በእሳቸው ግቢ የመሬት ከፍታ ላይ ነው። ይህን አቀማመጥ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እኔ ልብ ሳልለው ነው ይህ ሁሉ የመጣው።

አያ ሞላ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ቤታቸውን ቆልፈው ሱባዔ ይገባሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካሉት ጎጆዎች በአንዷ፣ የተነከረ ሽምብራ እየቆረጠሙ፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ሰው ሳያዩ ይጸልያሉ። ዘንድሮ ዝምታም ጨምረውበታል። ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት አራት ዶሮዎቻቸውን በቅርጫት ይዘው በራችን ላይ ቆሙ።

"ዘርፌ ልጄ" አሏት ባለቤቴን፣ "ዶሮዎቼን አደራ። የሚጥሉትን ለማኅበሩ ወጥ አጠራቅሚልኝ፤ የእኔ መዋጮ ይሁን። ከወጡ አንዲት እንቁላል እንዳታስቀሪብኝ ብቻ።"

"ምነው አንዲት? ሁለት ያገኛሉ እንጂ" አለች ዘርፌ።

አያ ሞላ መርቀዋት ሄዱ። የግቢያቸውን ቁልፍ በማተባቸው ላይ አንጠልጥለውት ነበር።

ማኅበሩ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው። ወር በገባ በአሥራ ስድስተኛው ቀን በየተራ ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። የነሐሴው ተራ ደረሰን። ከወሮቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ የሚፈታበት ቀን ነው። ሁለት ሳምንት ሽሮ ሲበላ የከረመ ማኅበርተኛ በዚያ ቀን የሚመጣው ለጸሎቱ ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ ስሜን የማኖርበት ዜና አይሆንም። ዶሮ ወጥ ይጠብቃል። ዋናው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ግብዣው የሚደረገው ጋራዡ ውስጥ ነው። አግዳሚዎቹ የሚደረደሩት ያንን ግድግዳ ተደግፈው ነው። የዘርፌ ሁለት የጠላ ጋኖችም ያንኑ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

ያለፈው ተራችን ላይ ጠላው ቆምጥጦብን ነበር። ማኅበርተኛው በጨዋነት የተቀዳለትን ጠጣ፤ ድገሙኝ ያለ ግን አልነበረም። ዘርፌ ያንን ቀን አልረሳችውም። ዘንድሮ ብቅሉን ራሷ አብቅላ፣ ጌሾውን ቅጠል በቅጠል መርጣ፣ አሻሮውን ሁለት ጊዜ ቆልታ ነው የደፈደፈችው። ውሃው የገባው ከዚያ ጋን አፍ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነው።

"ጋኖቹን እናንሳቸው" አልኩ።

"ድፍድፍ ይነቀነቃል እንዴ?"

"ላስቲክ እናልብሰው።"

"ታፍኖ ይሙትልህ?" ሳፋ አምጥታ ከጠብታው ሥር አስቀመጠች። "አንተ ሰው፣ የአገሩን ጎርፍ ሁሉ ስታወራ ኖረህ የራስህ ቤት ሲያፈስ ላስቲክ ታለብሳለህ? ውጣና ድፈነው!"

ልደፍነው ወጣሁ። በማግስቱ ሬንጅ ገዛሁ፤ በአሮጌ ጣሳ አቀለጥኩት፤ መሰላል ተውሼ ቆርቆሮው ላይ ወጣሁ። ሬንጅ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አይይዝም። ይህን ያረጋገጥኩት ከቀባሁት በኋላ ነው። በደረቅ ነገር ላይ ግን እጅግ አድርጎ ይይዛል፤ በዚያን ሰዓት እዚያ ላይ የነበረው ደረቅ ነገር ጫማዬ ነበር። የግራው ቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ ቀረ። እስካሁን እዚያው ነው። በእሱ በኩል አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ሳፋው ሞላ።

የቆርቆሮ ሠራተኛ ጠራሁ። አስማማው ይባላል፤ ወፍራም፣ ቀልጣፋ፣ ከሚናገረው የሚያፏጨው የሚበዛ ሰው ነው። መሰላሉ ላይ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ አየ።

"ጋሼ፣ ይህን ማን ቀባው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጫማውስ?"

"የእኔው ነው።"

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ካቡን በመሮ እየቦረቦረ መስመር አወጣ፤ የታጠፈ ላሜራ መስመሩ ውስጥ ሰክቶ በቆርቆሮው ላይ እንደ ባርኔጣ ጥላ አወረደው፤ የተቦረቦረውንም በሲሚንቶ ደፈነው። በግድግዳው ፊት የሚወርደው ዝናብ ላሜራው ላይ ያርፋል፣ ከላሜራው ወደ ቆርቆሮው፣ ከቆርቆሮው ወደ ውጭ። አሠራሩ እንዲህ ያምር ነበር፤ ቆሜ ሳየው አንድ ቀን ስለ ላሜራ መጻፍ አማረኝ። ዘርፌ ግን ከታች ሆና፣ "የሰው ግድግዳ ባለቤቱ በሌለበት ቦርቡራችሁ አያ ሞላ ሲወጡ ምን ልትሏቸው ነው?" አለች። አስማማው ማፏጨቱን ቀጠለ።

ዝናብ መጣ። ጠብታው ቀነሰ፤ አልቆመም። ይባስ ብሎ ቦታ ቀይሮ ወደ ጋኑ ተጠጋ። አስማማውን መልሼ ጠራሁት። ገብቶ ቀና ብሎ አየ።

"ላሜራው አያፈስም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ይህ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው።"

"ከየት የመጣ?"

"እሱን እንግዲህ እናንተ ናችሁ የምታጣሩት። የእኔ ሥራ ላሜራው ነው።"

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማገናኘት ነበረብኝ። ሐምሌ ሙሉ ያላፈሰሰ ጣሪያ አያ ሞላ በራቸውን በቆለፉ በሦስተኛው ቀን ማፍሰስ ጀመረ። ለሥራ ብሄድ ኖሮ በመጀመሪያ የምጠይቀው "ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ?" ብዬ ነበር። በራሴ ቤት ግን አልጠየቅኩም። ይልቁንም ደሴን አገኘሁት።

ደሴ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ሲጠፋ ሰፈር ውስጥ እየዞረ እኛን ያስጎበኘናል። መሰላሌ ሥር ቆሞ ላሜራውን በንቀት አየው።

"ጎንደር ተቀምጠህ ግንብ በሲሚንቶ ትደፍናለህ? ነገሥታቱ ኖራውን በምን ያቦኩት ይመስልሃል?"

"በውሃ።"

"በእንቁላል! ይኸው ስንት መቶ ዓመት ቆሞ አንዲት ጠብታ አልገባበትም።"

"ደሴ፣ እዚህ አጠገባችን ያለው የምንትዋብ ግንብ እኮ ጣሪያ የለውም።"

"እና?"

"ዝናቡ ሁሉ ነው የሚገባው።"

"በጣሪያው ነዋ! በግድግዳው አይገባም ነው የምልህ።"

"ማን ነገረህ?"

"አባቴ።"

"ለአባትህስ?"

"አያቴ።"

"አያትህ ግንበኛ ነበሩ?"

"አስጎብኚ ነበሩ።"

ይህን ወሬ አንድ ጀማሪ ዘጋቢ ይዞልኝ ቢመጣ ከበሩ እመልሰው ነበር። ሦስት ምንጭ ነው፣ ሦስቱም አንድ ማዕድ ላይ የሚበሉ ናቸው። ግን ደሴ ይህን በሚናገርበት ጊዜ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ያጉረመርም ነበር። ዘርፌ ወደ ቅዳሴ ስትወጣ ሳፋውን ከጋኑ አፍ በላይ በሁለት እንጨት ደግፋ፣ "ተመልሼ ስመጣ ይህን እዚህ እንዳላገኘው" ብላኝ ሄዳለች። እኔም "ኖራ የት ይገኛል?" ብዬ ራሴን ስጠይቅ ሰማሁት።

ኖራ ደሴ አመጣ። እንቁላሉ ቤት ነበር። ሰው ቢጾም ዶሮ አይጾምም፤ የአያ ሞላ ዶሮዎች የጣሉት ሁሉ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ተጠራቅሞ ተቀምጧል። ቆጠርነው፤ ሃያ አንድ ሆነ። ደሴ ለአንድ ክንድ ግንብ ሃያ ሁለት እንደሚያስፈልግ በእርግጠኝነት ነገረኝ፤ ይህን ቁጥር ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። ዶሮዎቹ ማደሪያ ውስጥ አንዲት ስለተገኘች ሞላልን።

"ነጩን ነው ወይስ አስኳሉን?" አልኩት።

ደሴ አሰበ። "እሱን አባቴ አልነገረኝም።"

ሁለቱንም ጨመርን። እኔ መሰላል ላይ፣ ደሴ ከታች ሆኖ እየሰበረና እያቦካ፣ የላሜራውን አናት ከዳር እስከ ዳር ለቀለቅነው፤ የተረፈውን ከውስጥ በኩል በድንጋዮቹ መካከል ጠቀጠቅነው። ቅርፊቱን ደሴ በአሮጌ እንቅብ አድርጎ የግቢያችን በር ላይ አስቀመጠው።

ቅዳሴ የወጣው በዚህን ጊዜ ነው።

በፍልሰታ የቁስቋም ሰው ሁሉ ያስቀድሳል። ሁሉም ቁልቁል ሲመለስ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ፣ በጸጥታ ይወርዳል። እንቅቡ ዘንድ ሲደርስ ያያል። ቀጥሎ ቀና ብሎ እኔን ያያል። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ፣ "እንኳን አደረሳችሁ!" እላለሁ። "እንኳን አብሮ አደረሰን" ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ያማትቡና ያልፋሉ። እንዲህ ምን እንደነካቸው አልገባኝም ነበር። ጺሜ ላይ አስኳል እንደነበረ የነገረችኝ ዘርፌ ናት።

ዘርፌ በር ላይ ቆማ እንቅቡን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ወደ ዶሮዎቹ ማደሪያ ሄደች። የተናገረችው አንድ ቃል ነበር።

"አንዷስ?"

"የቷ?"

"ማደሪያው ውስጥ የተውኳት!"

"እሷም ገብታለች።"

"አንተ ሰው! አንዲት ካልተተወላት ዶሮ እዚያ ትጥላለች እንዴ?"

ይህን በኋላ አረጋግጫለሁ። አትጥልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራቱም ዶሮዎች ማደሪያቸው ውስጥ አንዲት እንኳ አልጣሉም። ሌላ ቦታ ሲጥሉ እንደነበረ ከጩኸታቸው እሰማለሁ፤ ቦታውን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።

ደሴ መሰላሉን ሳያስተካክል ሄዷል። ዘርፌ ቅርፊቱን አፈር ውስጥ ቀበረችው፤ ዘግይታለች። "ከዚህ ቤት ሰው" አለች፣ "ጾሙ እስኪፈታ ድረስ እንቁላል ይዞ በመንገድ ቢታይ፣ እኔ ማኅበሩን ለሌላ ሰው ሰጥቼ እናቴ ዘንድ ነው የምሄደው።"

ሌሊት ዘነበ። ኖራው አልደረቀም ነበር፤ ቢጫና ነጭ እየሆነ በግድግዳው ላይ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ወጣ። መምሬ አላምረው መጡ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መቋሚያቸውን ከቤተ ክርስቲያን ውጭም የማይለዩ። ቤት ግቡ ብንላቸው እንቢ ብለው ወደ ጋራዡ ዘለቁና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"አንተ ሰው።"

"አቤት አባቴ።"

"ጾሙ ገብቷል ወይስ ወጥቷል?"

"ገብቷል አባቴ።"

"በዚህ ቤት ወጥቷል የሚል ሰማሁ።"

"ማን ነው የነገረዎት?"

"አይነገርም።"

እኔም በሥራዬ ዘመን ለስንቱ ባለሥልጣን ይህንኑ መልስ ስሰጥ ስለኖርኩ፣ ክርክሩን በዚያ በኩል መቀጠል አልቻልኩም።

"ሃያ ሁለት እንቁላል" አሉ መምሬ። ቁጥሩን ሳይሳሳቱ ነው የያዙት፤ ምንጫቸው ጥሩ ነበር። "ሃያ ሁለት! ሰው አንድ ቢበላ ደከመው እንላለን። ሁለት ቢበላ ታመመ እንላለን። ሃያ ሁለት ምን እንበለው?"

"አልበላሁትም አባቴ።"

"ታዲያ ማን በላው?"

"ግድግዳው።"

መምሬ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩት። ቢጫው መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዶ ደርቋል።

"ምነው? ግድግዳው ምን በደለ?"

ነገርኳቸው። ከላሜራው እስከ ደሴ፣ ከደሴ እስከ ደሴ አያት ድረስ አንድም ሳላስቀር በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ዘርፌ በሩ ላይ ቆማ "እውነት ነው አባቴ፣ ሞኝ ነው እንጂ አልሻረም" አለችልኝ። በትዳር ዘመናችን እንዲህ አጥብቃ ስትመሰክርልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

መምሬ መልስ ለመስጠት አፋቸውን ሲከፍቱ ጥምጥማቸው ላይ ጠብ አለ። ጥምጥማቸውን ዳሰሱ። ደግሞ ጠብ አለ።

"ይዘንባል እንዴ?"

ሦስታችንም ወደ ውጭ አየን። ፀሐዩ ግቢውን ሞልቶታል። የዘርፌ የታጠበ ነጠላ ገመዱ ላይ ደርቆ ይወዛወዛል።

"ሌሊቱን ዘንቧል" አልኩ።

"አሁን እኮ ረፋድ ነው። ቆርቆሮህ ላይ ውሃ አለ?"

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ደርቋል፤ ላሜራው ደርቋል፤ ጫማዬም ደርቋል። ከውስጥ ግን ጠብ ይላል። በዚያን ጊዜ ነበር፣ ከነሐሴ ሦስት ጀምሮ ቀና ብዬ ስመለከተው የኖርኩትን ጣሪያ ትቼ ከጣሪያው ጀርባ ምን እንዳለ ያሰብኩት። ከጀርባው የአያ ሞላ ግቢ ነው። ግቢው ተቆልፏል። ቁልፉ በአያ ሞላ ማተብ ላይ ነው። አያ ሞላ ሱባዔ ናቸው።

"ሱባዔ የገባ ሰው በጣሪያ ጉዳይ አይጠራም" አሉ መምሬ።

ዘርፌ ሄዳ ሳፋውን ከጋኑ አፍ ላይ አነሣችና እንዲያዩት ዘንበል አደረገችላቸው። ሞልቶ ሊፈስ ጥቂት ቀርቶታል። መምሬ ሳፋውን አዩ፣ ጋኑን አዩ። ያለፈውን ተራችንን ጠላ እሳቸውም ጠጥተውት ነበር።

"ተነሥ እንሂድ" አሉኝ።

ከጎጆዋ ራቅ ብዬ እንድቆም አደረጉኝና መምሬ ወደ በሩ ተጠግተው በሹክሹክታ ተናገሩ። የተናገሩትን ሁሉ አልሰማሁም፤ "ዘርፌ"፣ "ጠላ" እና "ግድግዳ" የሚሉትን ለይቻለሁ። ከውስጥ መዳፍ ግንባርን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ጧ አለ። በሩ ገርበብ ብሎ አንድ ቀጭን እጅ ወጣ፤ እጁ ላይ ቁልፍ ነበር። መምሬ ቁልፉን ሲቀበሉ እጁ በአየር ላይ ትልቅ ክብ ነገር ሠራ፤ ቀጥሎም ያንን ክብ ነገር ወደ አንድ ጎን አዘነበለው፤ ተመልሶም ገባ። በሩ ተዘጋ።

የግቢውን በር ስንከፍት አገኘነው። በርሜል ነው። አያ ሞላ ከጣሪያቸው የሚወርደውን ውሃ በአሸንዳ እየመሩ ያጠራቅሙበታል፤ ክረምቱን ሙሉ ለልብሳቸውም ለጓሮ ጎመናቸውም በየቀኑ ከዚያ ይቀዳሉ። ስለሚቀዱ ሞልቶ አያውቅም። ሱባዔ ሲገቡ ግን አሸንዳውን ከበርሜሉ ማዞር ረሱት። በርሜሉ ሞላ፤ ሥሩ ያለችው ድንጋይ ስላዘነበለችው የተረፈው ሁሉ በካቡ በኩል ይፈሳል፤ አፈሩን አርሶ፣ ካቡን አቋርጦ፣ ከላሜራው በታች በድንጋዮቹ መካከል ይወጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላም እንኳ የራሰው አፈር እስኪደርቅ ድረስ መንጠባጠቡን አይተውም።

መምሬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በመቋሚያቸው አሸንዳውን ወደ ውጭ ገፉት። እኔ በርሜሉን በጀሪካን ቀድቼ ቀድቼ ጎመኑ ላይ ደፋሁት፤ ከዚያ ሁለታችን ገፍተን ከካቡ አራቅነው። እንደጨረስን በርሜሉ ላይ ተደግፈን ቆምን።

"ጾሙን አልሻርክም" አሉ መምሬ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው። "አርባ አንድ ትሰግዳለህ ግን።"

"ለእንቁላሉ ነው?"

"እንቁላሉ የአደራ ነው፤ እሱን ባለቤቱ ይፈርድብሃል። ስግደቱ ሳታጣራ ስላመንክ ነው።"

"እርስዎም እኮ አባቴ፣ በላ ብለው ሲመጡ..."

መምሬ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

"እኔም እሰግዳለሁ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በኃይል ዘነበ። ሳፋው ባዶውን አደረ። ላሜራው፣ ኖራው፣ የበርሜሉ መነሣት፣ ከሦስቱ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ደሴ ይችላል። በዚያው ሳምንት እንግዶች ይዞ በበራችን ሲያልፍ፣ የጥንቱ ጥበብ እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈሩ እንደሚሠራበት እየነገራቸው ወደ ጋራዤ ሲጠቁም ሰምቼዋለሁ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ማኅበርተኛው መጣ። መምሬ ጸለዩ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። በመጀመሪያ የጠጡት አንዲት እናት ዋንጫውን ከአፋቸው አንሥተው ዘርፌን አዩዋት፤ ደግመው ጠጡ፤ ከዚያም ዋንጫቸውን ዘረጉላት። ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉትም ዘረጉ። ዘርፌ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄድ ፊቷን ላለማሳየት ታጎነብስ ነበር፤ እኔ ግን አየሁት።

አያ ሞላ ከሱባዔ በዚያው ቀን ነው የወጡት። ቀጥነዋል፤ ፊታቸው በርቷል። ግድግዳውን ተደግፈው ከመምሬ ጎን ተቀምጠዋል።

"ማኪናዋ ጠላ ጀመረች አሉ" አሉኝ።

"በእርስዎ በርሜል ምክንያት ውሃም ጀምራ ነበር፣ አያ።"

"ይቅር በለኝ ልጄ፣ ረሳሁት።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እውነቱን ልንገርህ? ይህን ሁሉ ቀን ሽምብራ ስቆረጥም፣ ይማረኝና፣ ሐሳቤ እየሸሸ የት ይሄድ እንደነበር ታውቃለህ? እንቁላሉ ዘንድ ነው። በወጡ መካከል ቁጭ ብላ ትታየኛለች።"

መምሬ አላምረው ይህን ሰምተው ዋንጫቸው ውስጥ ማየት ጀመሩ።

ዘርፌ የዶሮ ወጡን ድስት ይዛ መጣች። ውጭ ዝናቡ የጀመረው በዚህን ጊዜ ነው፤ በአንድ ጊዜ ዱብ ዱብ ብሎ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ የሚነገረው ሁሉ አልሰማ አለ። ወጡ በየመሶቡ ወጣ። አያ ሞላ ቆረሱ፤ ጎረሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ከዚያ በእንጀራው ጫፍ ወጡን ወዲህ ገፋ፣ ወዲያ ገፋ አደረጉት። የመምሬን በኩል አዩ። የእኔን በኩል አዩ።

"ዘርፌ ልጄ!" አሉ ከዝናቡ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "እንቁላሉስ?"

ዘርፌ እኔን አየችኝ። መምሬ እኔን አዩኝ። ማኅበርተኛው በሙሉ መጉረሱን አቆመ። እኔም እጄን አነሣሁና ከአያ ሞላ ራስ በላይ ጠቆምኩ።

አያ ሞላ ዞረው ቀና አሉ። ቢጫውን መስመር ከላይ እስከ ታች ተከተሉት፤ እጃቸውንም ሰድደው ድንጋዩን ዳሰሱት። ዝናቡ እንደቀጠለ ነው።

ግድግዳው ደረቅ ነበር።